ምን እንደጎደለው የሚያውቅ ሰው

አልዶ ሪቺ የምግብ ጣዕም ካጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መብላቱንስ ይበላል፤ ሆዱም ሞልቶ ያድራል። ግን ያ ኮሮና የሚሉት በሽታ አልጋ ላይ ጥሎት ከርሞ ሲሄድ፣ አፍንጫውንና ምላሱን ይዞበት ሄደ። ሽንኩርት ቢነክስም ፖም ቢነክስም ልዩነቱን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ሐኪሙ “ቀስ እያለ ይመለሳል” ብሎት ነበር፤ ሳይመለስ ቀረ። ይህን ጉድ ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አልዶም ሆድ ይፍጀው ብሎ እስከ መቃብር ይዞት ሊወርድ ወስኗል። ምክንያቱ ደግሞ ኤልቪራ ናት።

ኤልቪራ ያኖቲ ባሏ የሞተባት፣ ሰባዎቹን የተሻገረች፣ በፌዴራል ሂል ሰፈር በእጇ ሙያ የምትፈራ ሴት ናት። የምትፈራ ማለቴ በስህተት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያለችው የፕሮቪደንስ ከተማ ጣልያኖች በዚያ ኮረብታ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ቋንቋውን ረስተውታል፣ አገሩንም አብዛኞቹ አያውቁትም፤ የቀራቸው ምግቡ ነው፤ በእሱ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። አንድ የሰፈሩ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ “ይጣፍጣል” ካለ የሟች እናቱን ስም አጎደፈ ማለት ነው። ጨዋ ሰው ሳህኑን ጠራርጎ ይበላና አፉን በናፕኪን ጠርጎ፣ “ይሄን እቤት ብሠራው ይሻል ነበር” ይላል።

አልዶን ሸፍኖ ያኖረው ይኸው ባህል ነው። የሚያመሰግን ሰው ምኑ እንደጣመው ይጠየቃል። የሚያማርረውን ግን ማንም አይጠራጠረውም፤ ሳይቀምስ እንዴት ያማርራል? ጠንካራና ለስላሳ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ ለመለየት ጥርስ ይበቃል። የቀረውን አልዶ በግምት ይሞላዋል። ዕድሜውን የፈጀው ጌጣጌጥ ፋብሪካ ውስጥ ነሐሱን ወርቅ እያስመሰለ በመቀባት ስለነበር፣ ላይ ላዩን ማሳመር አያቅተውም። ጨርሶ ሲጨንቀው ደግሞ አንድ መውጫ አለችው፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ቀስ ብሎ እያላመጠ፣ “የሆነ ነገር ይጎድለዋል” ይላል። ይቺ ቃል አንድም ቀን አሳፍራው አታውቅም።

ሁለቱን ያገናኛቸው የምግብ ቤቶች ሳምንት ነው። ሳምንት ይበሉት እንጂ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በዓመትም ሁለቴ ይመጣል። ያን ሰሞን በሌላው ቀን በዋጋ የማይደፈሩት ምግብ ቤቶች ሦስት ዓይነት ምግብ በአንድ ዋጋ ያቀርባሉ። ምርጫው ጠባብ ነው። ዶሮ አለ፤ ለፈሪዎች የተዘጋጀ ሳልሞን ዓሣ አለ፤ እና ሰዉን የሚጠራ አንድ ነገር። መጨረሻ ላይ ቲራሚሱ የሚሉት ጣፋጭ ይመጣል፤ ማንም ሳያዘው ይመጣል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይህን ሰሞን የሚጠብቁት ለመብላት አይደለም፤ ለመፍረድ ነው። አልዶና ኤልቪራም በየጣልያን ምግብ ቤቱ እየዞሩ ሲፈርዱ ሁለት ዓመት ሞላቸው። እሱ አንድ ሲያነሳ እሷ ሁለት ትጨምራለች። ሲወጡ ክንዱን ትይዘዋለች፤ እስከ በሯም ይሸኛታል። ከበሩ ግን አያልፍም።

አልዶ ደግሞ ማለፍ ፈልጓል። በዚያ ሰፈር ባሏ የሞተባት ሴት አንድን ወንድ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ልጆቿ በተሰበሰቡበት ማዕድ ላይ ከጠራችው ነገሩ አለቀ፤ ቀለበቱ ለወጉ ያህል ነው። አልዶ የእሁድን ምሳ ለብቻው፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ ምኑንም ሳያውቀው መብላት ሰልችቶታል። ኤልቪራን ይወዳታል። ምላስ የሌለው ወንድ ግን የእሷ ማዕድ ላይ ምን ይሠራል? ይህን ባሰበ ቁጥር ልቡ ይፈራል።

በዚህ ጥር ኤልቪራ ራሷ መርጣ ቪላ ሴሬና ወደሚባለው ምግብ ቤት ወሰደችው። ውጭው በረዶ ነው፤ ቤቱ ሞልቷል። አስተናጋጁ ጸጉሩን ወደ ኋላ ለጥ አድርጎ ያበጠረ ወጣት ነበር።

“ሦስተኛው ምርጫችን ሪጋቶኒ ፓስታ በእሁድ ሶስ ነው” አላቸው።

“በምን?” አለች ኤልቪራ።

“በእሁድ ሶስ፣ እመቤት። ከሥጋ ጋር የበሰለ ቲማቲም ነው።”

“ሶስ ዓሣ ላይ የሚንጠባጠበው ነው፣ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ከሥጋው ጋር እሳት ላይ የዋለ ነገር ግሬቪ ነው የሚባለው። እናትህ ምን ትለዋለች?”

“ሜኑው ላይ ሶስ ነው የሚለው፣ እመቤት።”

“ሜኑው እናት የለውማ” አለ አልዶ።

ኤልቪራ ሳቋን አፈነችና፣ “ለሁለታችንም እሱን አምጣ” አለች።

አልዶ እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረበት። ኤልቪራ ውጭ ግሬቪ አዝዛ አታውቅም፤ እንኳን ልታዝ ለሚያዘውም ሰው ታዝንለታለች። እሱ ግን ስላሳቃት ደስ ብሎት ልብ አላለም። ሳህኑ መጣ። ፓስታው ጥርስ ላይ ልክ ነው። ሥጋው ሹካ ሲነካው ይፈርሳል። አልዶ ግራ ገባው፤ በጥርስ የሚያዝ እንከን የለውም። ኤልቪራ ደግሞ የራሷን ሳትነካ ታየዋለች።

“እህ?” አለችው።

አልዶ ዓይኑን ጨፈነ። አላመጠ። “የሆነ ነገር ይጎድለዋል” አለ።

ኤልቪራ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። አስተያየቷ ሲያስፈራው ይባስ ብሎ ጨመረበት። “ሥራው ክፉ አይደለም፣ ኤልቪራ። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ተረስቶም አይመስለኝም፤ የሠራው ሰው ሆን ብሎ ያስቀረው ነገር አለ።”

ቀና ሲል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

“ማን ነገረህ?” አለችው።

“ምኑን?”

“የኔ ነው፣ አልዶ። ግሬቪው የኔ ነው።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “የዚህ ቤት ባለቤት የአክስቴ ልጅ ልጅ ነው። ዓመት ሙሉ ሲለማመጠኝ ከርሞ በገና አሠራሩን ሰጠሁት። የሰጠሁት ግን አንድ ነገር አስቀርቼ ነው። እናቴም ብትሆን ለሰው ስትሰጥ አንዷን ታስቀር ነበር፤ ሁሉንም የሚሰጥ ሞኝ ነው። ልጄ ስቲቨን ባለፈው እዚህ በልቶ ምን አለኝ መሰለህ? ‘እማ፣ ቁርጥ ያንቺን!’ ያጠባሁት ልጅ። አንተ ግን በአንድ ጉርሻ ያዝከው።”

አልዶ ሹካውን አስቀመጠ። “እንዲያው ገምቼ ነው” አለ። ከተቀመጡ ጀምሮ የተናገረው ብቸኛ እውነት ይህ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ትህትና ቆጠረችለት።

“ስማኝ” አለች፤ ወንበሯንም አስጠጋች። “ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። የደም ግፊት መድኃኒቱን ከቀየሩልኝ ወዲህ ምላሴም አፍንጫዬም ሞተዋል። ምንም አልቀምስም። የምሠራው እጄ እንዳስታወሰው ነው። በየምግብ ቤቱ ስናማርር እኮ አንተን እየሰማሁ ነው የምከተልህ። ልጆቼ እሁድ እሁድ ይበላሉ፣ ‘ይጣፍጣል እማ’ ይላሉ። ካልሲ ቀቅዬ ባቀርብላቸውም ይጣፍጣል ይላሉ። እውነት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። የማትዋሸኝ አንተ ብቻ ነህ።”

አልዶ ናፕኪኑን አጣጠፈ።

“እሁድ ና” አለችው። “ምሳው በስምንት ሰዓት ነው፤ አንተ ግን ቀደም በል። ድስቱ አጠገብ ቆመህ ትቀምስልኛለህ።”

ሁለት ዓመት የተመኘው ነገር ይኸው እጁ ገባ። አልዶ ደስም አለው፣ አፈረም። እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ አሁን ካልነገራት መቼ ሊነግራት ነው? ልክ በዚህ ቅጽበት አስተናጋጁ ቲራሚሱውን ይዞ ደረሰ፤ አልዶም የተከፈተውን አፉን በማንኪያ ዘጋው። ፈሪ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

እሁድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከዳቦ ቤት በክር የታሰረ ነጭ የጣፋጭ ካርቶን አንጠልጥሎ ሄደ። ኤልቪራ ሽርጧን እንደታጠቀች በሩን ከፈተች፤ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች። ልጆቹ ሳሎን ሆነው እግር ኳስ ያያሉ፤ የአሜሪካኑን፣ በእጅ የሚጫወቱትን። እጁን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችውና በሩን ገርበብ አደረገችው። ትልቁ ድስት ቀስ እያለ ይንተከተካል። ሽታው ቤቱን ሳይሞላው አይቀርም፤ እነሱ ግን በምን ይወቁት?

ማንኪያዋን አጥልቃ እፍ እፍ አለችና ወደ አፉ አቀረበችለት። “ቅመስ። እውነቱን ንገረኝ።”

አልዶ ቀመሰ። ትኩስ ነው። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። “ምንም አልጎደለውም” ብሎ ቢገላገል ኖሮ ሁሉም ሰላም ይሆን ነበር፤ እንዳለችው እጇ አልረሳም፣ ጨዉን ልክ አድርጎት ነበር። ግን ምን እንደጎደለው የሚያውቅ ሰው ተብሎ የተጠራ እንግዳ፣ ምንም አልጎደለም ብሎ እንዴት ይጀምራል? አልዶ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ “ጨው” አላት።

የኤልቪራ ፊት በራ። “አላልኩም!” አለች። “ጠርጥሬ ነበር እኮ። እነዚያ አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም።” ቆንጥራ ጨመረች፤ አማሰለች። “አሁንስ?”

አልዶ ፊቷን አየ። ይህን የመሰለ ደስታ ፊቷ ላይ አይቶ አያውቅም፤ ያመጣውም እሱ ነው። “ትንሽ” አለ።

ጨመረች። “አሁንስ?”

“ትንሽ ብቻ።”

እንግዲህ ሰው ሲወድ እንዲህ ይሆናል። አልዶ የሚያየው ጨውን ሳይሆን ፊቷን ነበር፤ በጨመረች ቁጥር ፊቷ እየበራ ሄደ። ሲያበቁ እሷ ሽርጧን ፈታች፤ እሱ ድስቱን ተሸከመላት።

ማዕዱ ላይ ስቲቨን አለ፤ ሚስቱ ኬሊ አለች፤ የኤልቪራ ሴት ልጅ ግሎሪያ አለች። ኤልቪራ አልዶን ከጎኗ አስቀመጠችው። ይህን ሁሉም አዩ፤ ምን ማለት እንደሆነም ገባቸው። ጸለዩና መብላት ጀመሩ።

ስቲቨን የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ትንሽ አቆየው። ከዚያ ዋጠው። “ይጣፍጣል እማ” አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

“በጣም” አለች ግሎሪያ፣ እጇን ወደ ውሃው ሰድዳ። “የዛሬው... ለየት ይላል።”

“አልዶ ነው ያስተካከለው” አለች ኤልቪራ። “ስንት ዘመን ጨው አልባ ስመግባችሁ አንዳችሁ እንኳ አልነገራችሁኝም።”

ሦስቱም ዞረው አልዶን አዩት።

“እግዜር ይስጥልን፣ ሚስተር ሪቺ” አለች ኬሊ። ብርጭቆዋን ጨልጣ፣ ደግማ ሞላች። የውሃው ማሰሮ ባዶ ሆነ፤ ተነስታ ቀዳች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ተነሳች። ስቲቨን ዳቦ በዳቦ ላይ ይጎርሳል፤ አንገቱ ቀልቷል፤ ያም ሆኖ ሳህኑን አልገፋም፤ እናቱ ባየችው ቁጥር ፈገግ ይላል። አልዶ ብቻ ተመችቶት ይበላል። ሁለተኛ ሳህን ጨርሶ፣ የቀረውን በዳቦ እየጠረገ ነው።

ኤልቪራ ኬሊ ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሳ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ጠረጴዛውን ቃኘች። የስቲቨን ብርጭቆ ባዶ ነው። የግሎሪያም ባዶ ነው። የራሷን አየች፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ አልነካችውም፤ ጨዉ ለምላሷ መች ተሰማትና። ቀስ ብላ ዞረች። የአልዶም ብርጭቆ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ “አንተም?” አለችው።

የአልዶ እጅ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። መዋሸት አቃተው። አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካወቅሽኝ ጀምሮ።”

የኤልቪራ ፊት ደም መሰለ። ተናዳለች። ያመጣው ካርቶን እንኳ ሳይከፈት ሊወጣ፣ አልዶ ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ስቲቨንን አየችው። ልጇ ሌላ ጉርሻ በግድ እየዋጠ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ይስቅላታል። ረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ የአልዶን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ ወደ እሱ ገፋች፤ የራሷንም አነሳች።

“ጠጣ” አለችው። “ይነቁብናል።”