ሦስት ምስክር ለአንድ ሚዶ

«እኔ እኮ ድንጋይ አናግራለሁ! የፀጉር ደንበኛማ ምኗ ይከብዳል? ጭንቅላቷ በእጄ ነው!»

ይህን ያለችው ናፍቆት ነች። ያለችውም ለአሠሪዋ ለእትዬ የሺወርቅ፣ መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ በተማሪዎቹ ኪራይ ቤቶች መሀል በተሸጎጠችው ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሶ ነው። ናፍቆት ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር አልያዘችም፤ ምላሷ ግን አንድም ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ማዶ ግድግዳው መስታወት ብቻ የሆነ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፈተ። እነዚያ ደንበኞቻቸውን በስልክ እየቀረጹ፣ «እዚህ ተሠርቼ አማረብኝ» እያስባሉ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ። አሸንዳ ደጅ ላይ ደርሶ የእትዬ የሺ ወንበር ጦሙን ሲውል ጊዜ ሴትዮዋ ለሹሩባ ፀጉር የምትከፍልበትን ሚዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣

«ስሚ አንቺ» አለች። «ሦስት ደንበኛ ስለ እጃችን በቪዲዮ ታናግሪልኛለሽ። ከቻልሽ ለአሸንዳ ሚዶ ትይዣለሽ። ካልቻልሽ እንደ ልማድሽ ጭንቅላት ታጥቢያለሽ።»

ሚዶ መያዝ! ናፍቆት የሰው ጭንቅላት ስታጥብ ጣቷ እንደ አሮጊት ተጨማዷል። አልባሶ የተባለውን ሹሩባ በሰፈር ልጆች ራስ ላይ ተለማምዳ ጨርሳለች፤ አንድም ልጅ እያለቀሰች አልተነሣችም፣ አንዷ ብቻ ካልሆነች። ለአሸንዳ ከበሮ ይዘው ከሚወጡት ልጃገረዶች ባንዷ ራስ ላይ እንኳ የእሷ እጅ ካልታየ፣ ዓመቱን በቁሟ እንደሞተች ነው የምትቆጥረው።

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ለተንሳኤ ነበሩ። የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ከተቀመጡ ጀምሮ አማታቸውን ሲያሙ አፋቸው አልተከደነም። የመጨረሻው ጉንጉን እንዳለቀ ናፍቆት ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው።

«ስለ እትዬ የሺ እጅ ይናገሩ! ፈገግ ይበሉ! ‹አቻ የለውም› ይበሉ!»

ወይዘሮዋ ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ዜና አንባቢ፣ «በቅድሚያ ይህን ዕድል ለሰጠኝ ፀጉር ቤት ምስጋናዬን...» ብለው ጀምረው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ዋእ! ይሄ ፌስቡክ ላይ ነው የሚወጣው?»

«አዎ! መቐለ ሙሉ ያይዎታል!»

«ኣቲ ጓል፣ አንቺ ልጅ፣ ልታስባርሪኝ ነው? ሐኪም ቤት ነኝ ብዬ እኮ ነው ከቢሮ የወጣሁት! አጥፊው!»

አጠፋችው። ተስፋ ግን አልቆረጠችም፤ ወደ አሮጊቷ ወደ አደይ ብርኽቲ ዞረች። አደይ ብርኽቲ የልጅ ልጃቸውን ሊያሠሩ መጥተው፣ በዚያው እሳቸውም ተሠርተው ነጠላቸውን እየተከናነቡ ነበር።

«አደይ፣ ነጠላውን ዝቅ! ወደ ብርሃኑ ዞር!»

«በፍልሰታ ጾም? ራሴን ገልጬ ለዓለም ላሳይ? የነፍስ አባቴ ቢያዩኝ ምን ልል ነው?» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ስልኩን እንደ ዝንብ እሽ አሉት።

«ድንጋይሽ እንዴት ነው?» አለች እትዬ የሺ ከወንበሩ ጀርባ፣ ቀና ሳትል።

«እየተዘጋጀ ነው» አለች ናፍቆት።

በማግስቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ዳናይት መጣች። ናፍቆት ከትናንቱ ምንም አልተማረችም። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተባዘተ ጥጥ ቆሞ ሳለ ስልኩን ጋረጠችባት። ዳናይት ፊቷን በፎጣ ሸፈነች።

«እንዲህ ሆኜ? ለጠላትሽ አድርጊው!»

እንደ እድል ሆኖ ያን ቀን የሰፈሩ የውሃ ተራ ነበረ። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ዛሬ ካመለጠ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ናፍቆት ጀሪካኗን አንጠልጥላ እያጉረመረመች ወጣች። ተሰልፋ፣ ተጋፍታ፣ ሞልታ ስትመለስ፣ በሩ ጋ ስትደርስ የዳናይትን ድምፅ ሰማች። ዳናይት ሥራዋ አልቆ፣ ብርሃኑ ላይ ቆማ፣ በራሷ ስልክ ለዓዲግራቷ እህቷ ቪዲዮ እየቀዳች ነበር።

«ሓፍተይ፣ ተመልከቺ እስቲ! ባለፈው ማዶ ተሠርቼ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ይዤ ስጮህ አላደርኩም? ይሄ ምንም አያምም! እጇ ቅቤ ነው፣ ስትመጪ እዚህ ነው የማመጣሽ። ብቻ አጣቢዋን ልጅ ቻያት፤ ወሬዋ ከውሃው ይበዛል።»

የናፍቆት እጅ ወደ ኪሷ ሄደ። በበሩ ስንጥቅ ብትቀርጻትስ? ማን ያያታል? ስልኩን አወጣች፤ አነሣችም። ወዲያው የወይዘሮ ለተንሳኤ የፈጠጠ ዓይን ትዝ አላትና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ጀሪካኑን አስቀምጣ ገባች።

«ዳናይት፣ ያቺን ለእህትሽ የላክሻትን ለእኔም ትልኪልኛለሽ? የስድቡንም ጨምረሽ። ካልፈለግሽ ተዪው፤ ሹሩባሽ እንደሆነ አይፈታም።»

ዳናይት ሳቀች። «ሰምተሽኛል ማለት ነው?»

«ሰማሁ። ቻልኩት።»

ዳናይት ላከችላት።

ከዚያ በኋላ ናፍቆት ስልኳን ደቅና አታውቅም። ቅዳሜ ወይዘሮ ለተንሳኤ ለአሸንዳ ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ፣ መስታወቱን አስጨበጠቻቸውና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ከዚህ በፊት የት ተሠርተው ምን ሆኑ? ፊትዎ አያስፈልግም። በራስዎ ስልክ ለፈለጉት ሰው ይንገሩ፤ ካልከፋዎ ለእኔም ይላኩልኝ።» ይህን ብላ ከጎረቤት በርሜል ልትቀዳ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ወይዘሮዋ የልጃቸውን ሹሩባ ከኋላ እየቀረጹ ለጓደኛቸው ጥንት አንዲት ሠሪ ጆሯቸውን ከጉንጉኑ ጋር ልትጎነጉነው እንደነበረ ያወራሉ። ላኩላት። «ድምፄን ማንም አይለየውም» አሉ፤ ቢሮው ሁሉ በሳቃቸው ከደረጃው ሥር እንደሚለያቸው ረስተው።

አደይ ብርኽቲም ያን ሰሞን ተመልሰው መጥተው፣ ጾመኛ ራሳቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንደሸሸጉ፣ በልጅ ልጃቸው ስልክ ለጎንደሯ ልጃቸው፣ «ራሴን አላመመኝም፣ ተመስገን» አሉ፤ ለናፍቆትም አስላኩላት። ያችን አንዲት ቃል እስኪናገሩ ናፍቆት ሁለት ጊዜ ውሃ መቅዳት ነበረባት።

ሦስት ሞላ። ናፍቆት ስልኳን እትዬ የሺ ፊት አስቀምጣ ሦስቱንም ተራ በተራ አሳየቻት። እትዬ የሺ ዳናይት ስለ ወሬዋ ያለችው ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ መልሳ ደገመችው፤ ደግማም ደገመችው።

«አላልኩሽም?» አለች ናፍቆት ደረቷን ነፍታ። «ድንጋይ አናግራለሁ አላልኩም?»

እትዬ የሺ ሚዶውን ዘረጋችላት።

«ሁሉም የተናገሩት አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ ነው። ያዢ፣ አፍሽን ግን ዝጊ።»