የመሪየም እሳት

እናቴ መሪየም ደህና እንቅልፍ የሚወስዳት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአባቴ አሮጌ መኪና ጋቢና ውስጥ። አባቴ ዘይነዲን ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አጋርፋ ባለው ቤቷ ስትገላበጥ ነው የሚነጋላት። በወር አንድ ጊዜ ግን ለደም ግፊቷ ክትትል ጎባ ሆስፒታል ስወስዳት፣ ገና ከተማውን ለቅቀን የስንዴው ማሳ ሲጀምር አንገቷ ዘንበል ይላል። ጎባ ስንደርስ ፊቷን በሻሿ ጫፍ እየጠራረገች፣ «አባትህ መጥቶ ነበር፤ ሰላም ብሎሃል» ትለኛለች።

እኔ ጋ አንድም ቀን በሕልሜ መጥቶ አያውቅም። ለምን እዋሻለሁ፣ እቀና ነበር። ቢሆንም እንቅልፏ እንዳይቋረጥ ብዬ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ ከኋላዬ ሚኒባሶቹ ክላክስ ሲያስጮሁብኝ በልቤ እየተሳደብኩ።

ኢዘዲን እባላለሁ። ሮቤ ውስጥ ጋራዥ አለኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት በሰው መኪና ስር ተጋድሜ ኖሬያለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው፣ እናቱ መኪና ውስጥ ስትገባ ብቻ ለምን እንደምትተኛ አይጠይቅም? አልጠየቅኩም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ከዓመታት በፊት አራት ጣት ያህል ወርዶ እዚያው ተቀርቅሯል፤ የባሌ ንፋስ ጆሮዬን ሲገርፈው ይውላል። እናቴ ደግሞ ብርድ ትፈራለች፤ የበሯን ክፍተት በጋቢዋ ጫፍ ሳይቀር ትወትፈዋለች። አልፎ አልፎ ራሴን ሲያመኝ ንፋሱ ነው እል ነበር። አፍንጫዬማ ጋራዥ ውስጥ ከሞተ ቆይቷል።

ባለፈው ኅዳር ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ «አዮ፣ ደርሰናል» አልኳት። አልነቃችም። ትከሻዋን ነቀነቅኳት፤ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ወደቀ። እንዴት ተሸክሜ እንዳስገባኋት ዛሬም አላስታውስም። ኦክስጅን አድርገውላት ከብዙ ደቂቃ በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ አስመለሳትም። ነርሷ፣ ሲስተር ሠርከአዲስ፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ከሰል ቤት አስገብታችሁ ነው እንዴ ያደራችሁት?»

«ኧረ በፍጹም።»

«እንግዲህ የሆነ ቦታ ጭስ ስባለች። ከሰል አፍኗቸው የሚመጡ ሰዎች እንዲህ ናቸው።»

ወደ ውጭ ዞርኩ። በመስኮቱ በኩል መኪናዋ ትታየኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴን በገዛ እጄ ሳፍናት እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ማታ እናቴን በሰው መኪና ወስጄ ሮቤ እኔ ቤት አሳረፍኳት፤ በማግሥቱ መኪናዋን አምጥቼ ጋራዤ ውስጥ፣ ከስር ከምንሠራበት ጉድጓድ በላይ አቆምኳት። ጎረቤቴ ሙለታ በያጅ ነው፤ ሊያግዘኝ መጣ። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የኮምፕሬሰሩን ጎማ በጭስ ማውጫው ጫፍ አስገብተን ዙሪያውን በጨርቅ ወተፍን። እሱ አየር ሲነፋ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ቱቦውን በሳሙና ውሃ ቀባሁት። ከማርሚታው፣ ከድምፅ ማፈኛው፣ ፊት ያለው መጋጠሚያ አረፋ ደፈቀ።

«በቃ፣ ይኸው ስንጥቁ» አለ ሙለታ።

«ምኑ ይኸው? ይሄ ከስር ወጥቶ የሚበተን ነው። ወደ ውስጥ በየት ገባ?» ጮህኩበት። እሱ ምን በደለኝ፤ የተናደድኩት በራሴ ነበር።

የኋላውን በር ወረቀት እያስነከስን ፈተሽን፤ ጎማው ወረቀቱን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ከሞተሩ ወደ ውስጥ ሽቦ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አየን፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ ሙለታ አምፖል ወደ ጋቢናው አስገብቶ በሮቹን ዘጋ፤ የጋራዡንም የቆርቆሮ በር ገጥመን እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ከጭቃና ከዘይት እድፍ መሃል አንድ አራት ማዕዘን ብርሃን ወለል ብሎ ይታያል። እናቴ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ ነው፤ ከተሰነጠቀው መጋጠሚያ ልክ በላይ።

ወጥቼ ምንጣፉን ገለጥኩት። ወለሉ በመሮ ተቆርጧል፤ በሻንጣ ማጠፊያ የተያዘች ትንሽ የላሜራ ክዳን አለችው፤ ክዳኗ ተከፍታለች። ዳሩን በጣቴ ስዳስሰው እንደ ሳህን አፍ ልስልስ ነው፤ እግር እንዳይቆርጥ በሞረድ ተለፍቶበታል። አባቴ የጓሮ በር እንኳ ሲሠራ «ዓይን ባያየው እጅ ያየዋል» እያለ እንዲህ ነበር የሚሞርደው።

«የመኪና ወለል የሚበሳ ምን ዓይነት እብድ ነው?» አለ ሙለታ።

«አባቴ» አልኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ስለ ቀዳዳው ስጠይቃት ከልቧ ሳቀች።

«አገኘኸው? አንተን ወልጄ ከጎባ ስንመለስ እኮ ነው። ያ ራቢ፣ የዚያን ቀን ብርድ! ቤት ስንደርስ እግሬን አላውቀውም። በሦስተኛው ቀን መሮውን አንስቶ ወለሉን በሳው፤ የቱቦው ሙቀት እንዲመጣልኝ። ‹ኢቢዳ መሪየም› ነበር የሚለው፣ የመሪየም እሳት። እስከ ዛሬ ገና ስቀመጥ በተረከዜ እከፍተዋለሁ።»

አባቴን እንደዚያች ሰዓት ናፍቄው አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እግሯ ሲያስብ ታየኝ። ቱቦው ደህና እስከነበረ ድረስ ቀዳዳው ሙቀት ብቻ ነበር የሚያስገባው፤ ሠላሳ ዓመት አሙቋታል።

«አዮ፣ ቱቦውን እቀይራለሁ። ቀዳዳውም ይበየዳል።»

«ቱቦውን ቀይር። እሳቴን ተውልኝ።»

«ቱቦ ነገም ይሰነጠቃል። ያኔ ላትነቂ ትችያለሽ።»

«ታዲያ ዘይነዲንን የት ላግኘው?»

«የሚያስተኛሽ ጭሱ ነው፣ አዮ።» ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግኩ።

ሻሿን ፈታች፤ መልሳ አሰረችው። «ሰላም ያለህስ?» አለችኝ። «እሱም ጭስ ነው?»

አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። «አላውቅም» አልኳት፤ የእውነት አላውቅም ነበር።

እግሯን በጋቢዋ ሸፍና «እሺ፣ ዝጋው» አለች። ከሰዓት በኋላ ሙለታ በየደው።

የታኅሣሥ ቀጠሮዋ ዕለት አጋርፋ ሄጄ አመጣኋት። ሁለት ካልሲ ደርባለች፤ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ አለ። ስንዴው ታጭዶ ማሳው ባዶ ነው። ዓይኗን አልከደነችም። ሮቤ ስንገባ «ይሄ ሁሉ ፎቅ መቼ ተሠራ?» አለች። ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ ስትመላለስ አንዱንም አላየችውም።

ጎባ መግቢያ ላይ ስሜን ጠራችኝ። «ኢዘዲን፣ ዛሬ አባትህ አልመጣም።»

መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩ። አባቴን የቀበርን ዕለት «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» እያለች እኛን ስታጽናና የዋለች ሴት ናት፤ እንባዋን አይቼው አላውቅም። እጆቿን ብርድ ልብሱ ስር ከታ ወደ ፊት ወደ መንገዱ ታያለች።

«ሄደ እኮ» አለች። «ዘይነዲን ሄደ።»

«አዎ፣ አዮ» አልኳት።

የቀጠሮዋ ሰዓት እስኪያልፍ እዚያው ተቀምጠን አለቀስንለት።