የካሣዬ ቤት ድምፅ

«ካሣዬ ጦና!»

ጸሐፊው መሳይ ስሙን ከመዝገቡ ላይ በልማድ ጠራና ወዲያው ደነገጠ። በእድሩ ድንኳን ውስጥ ለዳኛ ምርጫ የተቀመጠው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ሸማኔው ካሣዬ ከተቀበረ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ የተለቀሰለትም በዚሁ ድንኳን ሥር ነበር።

ከኋላ ወንበር ሚስቱ ብርቅነሽ ተነሣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

«እሱ የለም፤ እኔ አለሁ» አለች።

መሳይ ወደ ዳኛው ዞረ። በዚህ የሽሮ ሜዳ እድር አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው። ባል ሲሞት ለቤቱ የሚመርጠው ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ነበር፤ ለሚስት ወረቀት ተሰጥቶ አያውቅም። እድሩን አሥራ ስድስት ዓመት የመሩትና ዛሬም የሚወዳደሩት ዳኛው አቶ ተክለሃይማኖት ግን ፈገግ አሉ።

«ስጣት እንጂ! የካሣዬ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ መች ጠፍቶኝ?»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ወረቀቷን ተቀበለች።

እውነታቸውን ነው። ካሣዬ ከምርጫ በተመለሰ ቁጥር እግሩን ወደ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ እየከተተ «ተክልዬን መረጥን» ይላት ነበር። መረጥን! እሷ እኮ ደጃፍ ላይ ጥጥ ስትፈትል ነው የዋለችው። ቃሉን ግን ትወደው ነበር፤ ከመወርወሪያው ድምፅ ጋር ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ አለ።

ከዚያ ስምንቱ የሕመም ወራት መጡ። መወርወሪያው ዝም አለ። እድሩ አንድም ቀን ደጃቸውን አልረገጠም፤ ደንቡ የሞተን እንጂ የታመመን አያውቅም። ካሣዬ በሞተ ዕለት ግን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም በሰዓቱ ደረሰ። ያን ቀን ብርቅነሽ አመስግናለች። ዛሬ ደግሞ በራሷ ስም የእድሩ አባል የሆነችው ነጠላ ነጋዴዋ ሸዋገነት «እድራችን በሽተኛውንም ይጦራል፤ ደንቡን እናሻሽላለን» ብላ ተወዳድራለች።

ፊደሎቹን ሳትቸኩል ጻፈች። ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ ካርቶኑ ልትከት ስትል መዝገቡን አየችው፤ የባሏ ስም እንዳለ ነው። ወረቀቱን እንደገና ዘረጋችና ከሥር አንድ መስመር ጨመረች።

ቆጠራው ከተጋመሰ በኋላ መሳይ አንዱን ገልጦ «ሸዋገነት» አለና ቆመ። «ከሥሩ ደግሞ... ‹መራጭ ብርቅነሽ ዳና› ይላል።»

«ኧረ በሞቴ! ማኅተምስ የለውም?» አለ አንዱ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

«ድምፅ በምስጢር ነው። ይኼ የተበላሸ ነው» አለ መሳይ።

«ምስጢሩ የኔ ነው» አለች ብርቅነሽ ተነሥታ። «እኔ ያልደበቅኩትን እናንተ ለማን ትደብቁታላችሁ?»

አቶ ተክለሃይማኖት ወረቀቱን ተቀብለው፣ ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«ካሣዬ ቢኖር ይኼን ይጽፍ ነበር?»

«አይጽፍም። እርስዎን ነበር የሚመርጠው» አለች። «እኔም አከብርዎታለሁ፣ ጋሼ። ግን ያስታመምኩት እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የወረቀት ክምር አለ፤ የዳኛው ከፍ ይላል፣ በብዙ ግን አይደለም። አቶ ተክለሃይማኖት በእጃቸው ከያዙት ወረቀት ወደ ክምሮቹ አዩ። ከዚያ ራሳቸው በሸዋገነት ክምር ላይ አኖሩት።

«ቀጥል» አሉት መሳይን።

መሳይ እጁን ወደ ካርቶኑ ሰደደ። ብርቅነሽ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። በሰዎቹ መካከል አልፋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች፤ የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ በገዛ ዓይኗ ልታነበው።