የጉለሌዋ ሮሌክስ

ታየች ስብሐት የአባቷን ወንበር ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ነው ሲባል ደሟ ፈላ። አቶ ስብሐት ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ከሥራ ከቀሩ ወዲህ፣ ጉለሌ አዲሱ ገበያ ባለው የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ሱቅ ውስጥ ቦታቸው ባዶ ነበር። ታየች ከልጅነቷ ጀምሮ አጠገባቸው ተቀምጣ ሙያውን የተማረች ናት። እንዲያውም በመጨረሻው ጊዜ እሳቸው ጠገኑት የተባለውን ሁሉ የምትጠግነው እሷ ነበረች። ወንበሩ ከሄደ የቤቱ እንጀራም አብሮት መሄዱ ነውና፣ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ይገባኛል አለች።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ይገዙ ሳቀ። ይህ ሰው ሙያውን ያውቃል፣ አይካድም፤ ግን ጉራው ከሙያው ይበልጣል። በጃንሆይ ዘመን የገዛት ሮሌክስ አለችው፤ አብዮቱ መጥቶ ሰው ሁሉ ወርቁን ሲደብቅ እሱ እጅጌውን እየሰበሰበ ያሳያታል።

"ሴት ልጅ ሰዓት ታስራለች እንጂ አትፈታም" አለ። ክንዱንም ከፍ አድርጎ "ይቺን የመሰለች ሠርተሽ አምጪ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ታየች ግን አልሳቀችም። "ቃል ነው፣ ጋሼ? ማኅበርተኛው ሰምቷል" አለችና ወጣች።

ሠራቻት። ማሽኗን ከሞቱ ሰዓቶች ሆድ ለቃቅማ ገጠመች። አካሏን ከተጣለ የቧንቧ ናስ በሞረድ አወጣችና በሎሚና በባሕር ዛፍ አመድ ስታሻት ወርቅ መሰለች። ቀኗን የምታጎላውን ትንሽ መስታወት ከአባቷ አሮጌ መነጽር ቆርጣ ፈገፈገቻት። ከሁሉ ያሰቃየቻት የቀን ቁጥር የሚጻፍባት ክብ ነበረች፤ እሷንም ከወተት ጣሳ ክዳን ቆርጣ፣ ጥርሷን አንድ በአንድ ሞርዳ፣ ቁጥሮቹን በመርፌ ጫፍ ጻፈችባት።

አቶ ስብሐት ክቧን ተቀብለው ጥርሶቿን በጣታቸው ዳሰሱ። "እስከ ስንት ጻፍሽ?" አሏት።

"እስከ ሠላሳ ነዋ፣ አባዬ።"

"የፈረንጁ እኮ ሠላሳ አንድ ነው፣ ልጄ።"

ታየች ክው አለች። ስንቱን የፈረንጅ ሰዓት ፈታ ገጥማለች፤ ወር ሠላሳ ነው ብሎ ያደገ እጇ ግን ሳያማክራት ሠላሳ ላይ አቁሟል። ሌላ እንዳትቆርጥ ሰዓቷን ለማኅበሩ ላሳይ ብላ የቀጠረችው ቀን ደርሷል። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ ሰዓቷን ይዛ ሄደች።

ጋሽ ይገዙ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላበጣት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ሥራው ሥራ ነበርና። በኋላ መሙያዋን እያዞረ ቀኑን ሲያስቆጥራት፣ ሠላሳ ብላ ወደ አንድ ስትመለስ ፊቱ በራ።

"አንድ ቀን በልተሽብናል" አለ። "ለማንኛውም አካሄዷን ልየው፤ ወር ሲገባ እንነጋገራለን።" በማኅበሩ ደንብ አዲስ የተገጠመ ሰዓት ክንድ ላይ ውሎ አድሮ ነው የሚፈተሸው።

ሚያዝያ በገባ ጠዋት ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጋሽ ይገዙ በግራ እጁ ሮሌክሱን፣ በቀኙ የታየችን አስሮ መጣ። ሁለቱም በደቂቃ አልተዛነፉም። ንግግሩን ሊጀምር ሲል ግራ ክንዱን አየት አደረገ፣ መሙያዋን ሳበና ማዞር ጀመረ። ወር በገባ ቁጥር የሚያደርገው ነገር ነው፤ ከመልመዱ የተነሣ እያደረገው መሆኑን እንኳ አያውቅም።

"ይገዙ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አሉት አቶ አለማየሁ፣ ከማኅበርተኛው በዕድሜ የሚበልጡት።

"ቀኑን ላስተካክል ነው። ሠላሳ አንድ ይላል።"

"ዛሬ ስንት ነው?"

"ሚያዝያ አንድ" አለና መሙያዋን ለቀቀ።

አቶ አለማየሁ ተነሥተው ቀኝ እጁን ያዙና ለሁሉም አሳዩ። የታየች ሰዓት አንድ ትላለች፣ ማንም ሳይነካት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ ዛሬ ግን ሳቁ በታየች አልነበረም።

"ጳጉሜንስ?" አለ ጋሽ ይገዙ፤ መቼም መሸነፍ አይጥምም።

"ጳጉሜን ሲያልቅ እኔም በእጄ አዞራለሁ። እርስዎ በየወሩ፣ እኔ በዓመት አንዴ።"

ታየች የአባቷን ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ደስታዋ ልቧን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር፣ ልደብቀውም አላለች። አቶ አለማየሁ ወዲያው ሰዓታቸውን ፈትተው "ለኔም የሠላሳዋን ክብ ግጠሚልኝ" አሏት። ከኋላቸው ስለሺ ቆመ፣ ከስለሺ ኋላ በዳሳ፣ ከበዳሳ ኋላ ሌሎችም። ጋሽ ይገዙ ጥቂት ሲያጉረመርም ቆየና፣ ሁሉንም አልፎ ሮሌክሱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

ታየች ሰዓቱን በሁለት እጇ አንሥታ መለሰችለት። "ሰልፍ ይያዙ፣ ጋሼ" አለችው።

ጋሽ ይገዙም ሄዶ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ተሰለፈ።