ማኅተም መቺዋ

«እትዬ ውብዳር፣ አሁንም ላይን ላይ ነሽ?» አለች ዙሌይካ በስልክ።

«ከፊቴ ሠላሳ ሰው አለ። ዘንድሮ ለሙከራ ብለው ያመጧቸው ኮምፒውተሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ይጠፋል፣ ይበራል። እባክሽ ሺፍቴን ትንሽ ሸፍኚልኝ።»

«እስከ ፋይቭ እቆይልሻለሁ። አሮጊቷም ተኝተዋል። ብቻ እኔ ገና ሲቲዝን ስላልሆንኩ ለእኔም ጭምር ምረጪልኝ!»

ውብዳር እየሳቀች የሕዝብ ስልኩን ዘጋች። ሁለቱ የኦክላንድ ጎረቤት በሆነችው በሳን ሊያንድሮ ከተማ አንዲት አሮጊት በፈረቃ ይንከባከባሉ። ውብዳር በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አርፍዳ አታውቅም። ዛሬ ግን በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ነውና ማርፈዱ አላስጨነቃትም። ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጥቶ፣ የኦክላንድን አስፋልት ተከትሎ እስከ ልብስ ማጠቢያው ቤት ደርሷል። ቦታዋን የያዙላት ጋሽ እንዳልካቸው ናቸው።

ጋሽ እንዳልካቸው በንጉሡ ዘመን በስኮላርሺፕ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ውብዳር የምትኖረው ከቤታቸው ጓሮ ባለችው ክፍል ተከራይታ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ፎርሟን የሞሉላትም፣ ቃለ መሐላ ወደምትገባበት አዳራሽ በመኪናቸው ያደረሷትም እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ደግነታቸው ምክር ሳይመርቅ አለመስጠቱ ነው።

«ማሽኑን ስታዪ እንዳትደነግጪ» አሏት። «ያው ኮምፒውተር ነው።»

«በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል ይሉ የለም እንዴ?»

«ለእሱ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ወረቀቱን ይዘሻል?»

ይዛለች። ከምርጫው በፊት በፖስታ የመጣላትን የናሙና የምርጫ ወረቀት ጋሽ እንዳልካቸው ትናንት በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ምልክት አድርገውላታል።

«አሥራ አንደኛዋ ጥያቄ ላይ አደራ። የላይብረሪ ታክስ ይጨመር ወይ የምትለዋ፤ እሷ ኖ ናት። የቤት ታክስ አናቴ ላይ ወጥቷል። እሱ ከጨመረ የአንቺም ኪራይ ባለበት አይቆምም።»

ውብዳር ሁለት ክረምት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ አምሽታ የዜግነቱን መቶ ጥያቄዎች ያጠናችው በዚያ ላይብረሪ ነው። ታክሱ ካልጸደቀ ላይብረሪው ማምሸቱን ያቆማል፤ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ራሷ አንብባዋለች። ይህን ልትናገር አፏን ከፈተችና ይሉኝታ ያዛት። ያን ሁሉ ውለታ የዋሉላትን ሰው ሰልፍ ላይ አቁማ ልትከራከር ነው? መልሳ ዘጋችው።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ተራቸው ደረሰ። ጋሽ እንዳልካቸው ቀድመው ገብተው፣ ቶሎ ጨርሰው በሩ አጠገብ ቆሙ። ውብዳር በሌላው ማሽን ፊት ቆማ ወረቀቱን እያየች ስክሪኑን በጣቷ ነካች፤ ደግማ ነካች። አሥራ አንደኛዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ዘገየ፤ ቢሆንም «ኖ»ን ነካች። በመጨረሻ የመረጠችው ሁሉ ተዘርዝሮ ስክሪኑ ላይ መጣ። እሷም እጇን አጣምራ መጠበቅ ጀመረች።

የምትጠብቀው ማኅተም ነው። ውብዳር አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እዚያ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ከመጠቅለያ አይሻልም። ማኅተሙ በአለቃዋ መሳቢያ፣ የመሳቢያው ቁልፍ በአለቃዋ ኪስ ነበር። አለቃው ለቅሶ ከሄዱ ባለጉዳይ ሦስት ቀን ደጅ ይጠናል። እሷ ትጽፋለች እንጂ ማኅተም በእጇ ነክታ አታውቅም። አሁንም የሚመጣላት ሰው ስታጣ ማሽኑን ትታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ጨርሻለሁ» አለች በእንግሊዝኛዋ። «ማኅተም የሚመታው ማነው?»

«የምን ማኅተም?» ብላ መነጽሯን ወደ ግንባሯ የሰቀለችው ጥቁር አሜሪካዊት አስመራጭ፣ ከውብዳር ትከሻ በላይ አሻግራ ስታይ የማሽኑ ስክሪን እንደበራ ነው። አንድ ጎልማሳ ከሰልፉ ወጥቶ ወደዚያው እያመራ ነበር።

«አቁም! ማንም እንዳይነካው!» ስትል ጮኸች።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ውብዳር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እመቤቴ፣ ገና እኮ አልመረጡም» አለች አስመራጯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከታች ያለውን አረንጓዴ ካልነኩ ድምፅዎ አይቆጠርም። ጥለውት ቢሄዱ ኖሮ ልፋትዎ ሁሉ ከንቱ ነበር።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንኩልኝ።»

«እኔ? እኔ ማየትም አይፈቀድልኝም። የሚያጸድቁት እርስዎ ነዎት።»

ውብዳር ወደ ማሽኑ ተመለሰች። የሚያጸድቁት እርስዎ ነዎት። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። አለቃዋ አንድ ነገር ሲበላሽ «ማኅተም የመታ ነው የሚጠየቀው» እያሉ ይነጫነጩ ነበር፤ እሷ ያኔ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት» ብላ ታልፋለች። ዛሬም እስካሁን የታዘዘችውን ስትጽፍ ነው የቆየችው።

አሥራ አንደኛዋን መልሳ አወጣች። «ኖ» የሚለውን አጠፋችና «ዬስ»ን ነካች። አረንጓዴውን ጫን አደረገችው። ስክሪኑ አመስግኗት ባዶ ሆነ፤ ውብዳርም ደስታዋን መያዝ አቅቷት ለማሽኑ እጅ ነሣች።

ጋሽ እንዳልካቸው ደጅ ላይ ጠበቋት። «ያ ሁሉ ጩኸት የምን ነበር?»

«ማኅተም ፈልጌ ነው።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እንደ ወረቀቱ ነው የመረጥሽው፣ አይደል?»

አዎ ብትላቸው በወደዱ፤ ማንም አያውቅባትም። ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ከአሥራ አንደኛዋ በቀር፣ ጋሼ። የተማርኩባት ቤት ናት፤ ዬስ ነው ያልኩት።»

ጋሽ እንዳልካቸው ወረቀቱን አዩት፤ እሷን አዩአት። ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄዶ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከኪሳቸው የመኪና ቁልፋቸውን አወጡ።

«በይ ግቢ። ሳን ሊያንድሮ እስክንደርስ እንጨቃጨቃለን።»

በሌላ ቀን ቢሆን «ኧረ እኔ አልከራከርዎትም» ባለች ነበር።

«እንጨቃጨቅ!» አለች ውብዳር፣ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች።