ብሳናው ያልቆጠቆጠው ጀርባ

አምሳል የብሳናውን ቀንበጥ ቀንጥሳ፣ ጠብ የሚለውን ፈሳሽ በባሏ በአለኸኝ ጀርባ ላይ ገርጣ ወዳለው ክብ ስታፈስ ጥርሱን አልነከሰም። ጭርት ይዞት ደጇ የመጣ ሁሉ፣ ጎረምሳው ሳይቀር፣ ቆዳው በሻካራ ቅጠል ታሽቶ ፈሳሹ ሲያርፍበት ይንሰፈሰፋል። አለኸኝ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ውኃ የተኛበትን የሩዝ ማሳውን እያየ ስለ አረሙ ያወራ ነበር።

«አያቃጥልህም?»

«ያንች እጅ መቼ አቃጥሎኝ ያውቃል» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት። ከአጥሩ ሥር ደረቅ ሣር መዘዘች።

«ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ ንገረኝ።»

ትከሻውን ነካችው፤ «እዚህ» አለ። ወገቡን ነካችው፤ «እዚህ» አለ። ገርጣ ያለውን ቦታ ነካችው፤ ዝም አለ። ጫን አደረገችው።

«ኧረ ንኪኝ እንጅ» አለ ፈገግ ብሎ።

ሣሩ ከእጇ ወደቀ። ቅጠል መለየት የተማረችው ከእናቷ ነው፤ ለእከኩም ለችፌውም ምን እንደሚቆረጥ ታውቃለች። ቆዳው የማይሰማው ሰው ሲመጣ ግን እናቷ ምንም ሳትቆርጥ፣ አንገቷን ደፍታ ትሸኘው ነበር። የሕመሙን ስም አምሳል ልጅ ሆና በሹክሹክታ ሰምታዋለች። እሷ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ጭርት ነው ብላ ብሳና ስትቀባው ከረመች።

«ተነሥ፤ ወረታ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ያንች መድኃኒት እያለ?»

«ይኸ የኔ አይደለም።»

«ባሏን እንኳ ሐኪም ቤት ወሰደችው ከተባለ ማን ደጅሽን ይረግጣል?»

«ደጄ ይቅርብኝ» አለችው።

እስከ አስፋልቱ ጭቃውን ተደጋግፈው ወጡ፤ ከዚያ ባጃጅ ያዙ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰገን የምትባል ነርስ ጀርባውን በጥጥ ጫፍ እየነካካች ፈተነችው፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«የሥጋ ደዌ ነው፣ አባቴ። ኪኒኑን ሳያቋርጡ ከዋጡ ይድናል፤ ከጀመሩት በኋላም ወደ ሰው አይተላለፍም። እጅዎና እግርዎ ሳይጎዳ ነው የመጡት።»

አለኸኝ እንደ ሌላ ሰው ወሬ አዳመጣት። አብራው የምትኖር ናትና አምሳልም መመርመር አለባት ስትባል ግን ብድግ አለ። አምሳል የገባችበት መጋረጃ እስኪከፈት ቆሞ ጠበቀ። «እሳቸው ምንም የለባቸውም» ሲባል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። የመጀመሪያውን ኪኒን እዚያው ዋጠ።

ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ገቡ።

«ለየብቻ አድርጊልን» አለ አስተናጋጇን።

«ባንድ ትሪ ይሁን» አለች አምሳል።

ሽሮው መጣ። አለኸኝ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም።

«አይተላለፍም ብላለች እኮ። አልሰማሃትም?»

«መስማትማ ሰማኋት።»

ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና መስኮቱን አንቀጠቀጠው። የሽሮው እንፋሎት ቀነሰ። አምሳል ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ የአለኸኝ ቀኝ እጅ ከጋቢው ሥር ወጣ፤ እንጀራው ጋ ሳይደርስ ትሪው ጠርዝ ላይ ቆመ። እንዳላየች ሆና ከፊቷ ቆረሰች። ወደ አፏ ግን አላደረሰችውም፤ እሱ እስኪቆርስ ጠበቀች።