ከብሎኑ ጉድጓድ የወጣው ውኃ

ያምሮት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጋራዡ ውስጥ ስትገባ አንድ ጊዜ ደረቷን ደልቃ ነበር። ሁለተኛውን ልትደግም ስትል ግን የማንን ስም እንደምትጠራ አለማወቋ ትዝ አላትና እጇ አየር ላይ ቀረ። ለቅሶ ያለ ስም አይጀመርም።

እንዲያው አይፈረድባትም። ከገበያ ስትመለስ ከደጃፏ ፊት ለፊት ያለውን ጋራዥ አሻግራ ብታይ፣ መካኒኩ ወልደ ገብርኤል አፈር ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጓል። የበርበሬ ነጋዴው አብዱሰመድ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ አንገቱን ደፍቷል። ሁለት የቡሬ ወንዶች በጠራራ ቀትር እንዲህ ከሆኑ ትርጉሙ አንድ ነው። ሌላ ሰው መጀመሪያ ይጠይቅ ነበር፤ ያምሮት ግን ለቅሶ ላይ መቀደም የማትወድ ሴት ናት።

«ማን ነው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማን ምን?» አለ አብዱሰመድ።

«ያረፈው።»

አብዱሰመድ በአገጩ መኪናውን አመለከታት። ከባዱ መኪና ጋቢናው ወደ ፊት ተገፍቶ እንደ ሰጋጅ በግንባሩ ተደፍቷል። የሞተሩ ክዳን ተነሥቶ ጣውላ ላይ ተቀምጧል፤ ሆድ ዕቃው ሁሉ ለፀሐይ ተሰጥቷል። ያምሮት ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካከለች፤ አፍራ ተመልሳ እንዳትሄድ ደግሞ ነገሩ አጓጓት። አብዱሰመድ ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈና ዙሁር ሰግዶ እንደሚመለስ ተናግሮ ወጣ። እግሩን ሲጎትት ላየው፣ በእርግጥም የቀበረ ሰው ይመስል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ መኪና በርበሬና በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርስ፣ የአብዱሰመድ ቤት በሙሉ የተንጠለጠለበት መኪና ነው። በበጋው የአባይ በረሃን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ሞቀና ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ። ጓርኒሲዮን በሞተሩ ግንድና በላዩ በሚደፋው ክዳን መካከል የምትተኛ ስስ ነገር ናት። ስስነቷ አያታልል፤ እሷ ከተበላች ውኃው ከዘይት፣ ዘይቱ ከውኃ ይቀላቀልና ሞተሩ አበቃለት ማለት ነው። መኪናው ተጎትቶ መጣ፤ ወልደ ገብርኤል ቀየረለት። በአባይ በረሃ ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ያለ ነውና ማንም ጉድ አላለም።

ደምበጫ ሳይደርስ እንደገና ተቃጠለ። ይኸኛው ጥቂት አሳፈረ። አሁንም ተቀየረ። ከዚያ ማንኩሳን እንኳ ሳያልፍ፣ ከነጭነቱ፣ በነጭ ጭስ ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ቆመ።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ትናንት «ወልዴ የነካው ሞተር ልጅ ይወርሰዋል» ሲል የነበረ ሰው ሁሉ፣ ዛሬ እጁን ዓይን በልቶታል፣ ጉልበቱ ከድቶታል ማለት ጀመረ። ወልደ ገብርኤል ይኽን ሁሉ ይሰማል። እህልም አልወረደለትም። ዛሬ ጧት ክዳኑን ሊያነሣ ሲል አብዱሰመድን ጠርቶ፣ ጥፋቱ የእጁ ሆኖ ከተገኘ ጋራዡን ዘግቶ የአባቱን መሬት ሊያርስ እንደሚገባ ነገረው። አብዱሰመድም አታርስም ብሎ አላጽናናውም፤ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

ስለዚህ ዛሬ የሠራው ዳዊት እንደሚደግም ሰው በጥንቃቄ ነው። ውኃውን አፈሰሰ፣ ግንዱን ፋቀ፣ ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን ጉድጓዶች በኮምፕሬሰር አየር አንድ በአንድ ነፋ፣ በሽቦ ጫፍ ጨርቅ ጠቅልሎ እስኪደርቁ ጠረገ። ሲጨርስ ንጹሕ አቡጀዲ አለበሰውና ከባሕር ዳር በሚኒባስ የተላከውን አዲስ ጓርኒሲዮን ሊቀበል ከአብዱሰመድ ጋር መናኸሪያ ወረደ።

ተመልሶ ጨርቁን ገለጠ። አንዱን ብሎን ለሙከራ ወደ ጉድጓዱ ሰደደና መልሶ ሲያወጣው ጫፉ አብለጨለጨ። ላቤ ነው ብሎ ግንባሩን ጠረገ። ጣቱን ከተተ፤ ረጠበ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ሞከረ። ሁሉም ሞልቷል። በገዛ እጁ ያደረቀው ጉድጓድ ውኃ ካፈለቀ፣ ግንዱ ተሰንጥቆ ከሆዱ ውኃ እየሰረገ ነው ማለት ነው። ጓርኒሲዮን ይቀየራል፤ ግንዱ የተሰነጠቀ ሞተር ግን በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ይሸጣል። ይኽንኑ ለአብዱሰመድ ነገረው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱም ያምሮት ባየቻቸው ዓይነት የተቀመጡት።

አሁን ደግሞ ለያምሮት አስረዳት፤ ሰው ሲጨንቀው ለማንም ይናገራል። ያምሮት ከንፈሯን እየመጠጠች አዳመጠችና፣ ከልቧ አዝና፣

«ኧረ እንዴት ይሆናል አያ ወልዴ? ያ ሁሉ ጸበል ፈሶለት?» አለች።

ወልደ ገብርኤል ቀና አለ።

«የምን ጸበል?»

ያምሮት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጸበሉን ከምንጩ ስትቀዳ ጀሪካኑን ያገዘቻት እሷ እንደሆነች፣ ያፈሰሰችው ግን አስካለ ማርያም ብቻ እንደሆነች፣ እያንጠባጠበች ተናገረች።

አስካለ ማርያም የወልደ ገብርኤል ሚስት ናት። ስትጠራ ከጓሮ በኩል ልብስ ስታጥብበት የነበረውን እጇን እያራገፈች መጣች። ስትጠየቅ አልካደችም፤ እንዲያውም ምስጋና የምትጠብቅ ትመስል ነበር። መኪናው አባይ በረሃ ላይ አንዳች ነገር መትቶት እንደሆነ ስለጠረጠረች በመጀመሪያው ጥገና ጥቂት ረጨችበት። ያ ስላልበቃው በሁለተኛው ጨመር አደረገች። ዛሬ ግን የባሏን እጅ ዓይን በላው ሲባል መስማት አቅቷት፣ እሱ መናኸሪያ ሲወርድ ጠብቃ ጀሪካኑን ይዛ ወጣች።

«ክዳኑ ከተዘጋ በኋላማ ጸበል ምን ይሠራል?» አለች። «ቁስል ሳይገለጥ አይታጠብም። ደግሞ አንዱን ብዘለው ክፉው በዚያው በኩል እንዳይገባ ብዬ፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ነው የሞላኋቸው። ጨርቅህንም እንደነበረ መልሼዋለሁ።»

ብድግ ብሎ የነበረው ወልደ ገብርኤል እንደገና ተቀመጠ። ግንዱ አልተሰነጠቀም፤ ይኸ ደስታ ነበር፣ ግን ደስታው ሳይደርስበት ሌላው ድንጋጤ ቀደመው። ውኃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ የገባ ብሎን ክዳኑን አይጫንም፤ መሄጃ ያጣውን ውኃ ይጫናል። የመካኒክ እጅ ጠበቀ ይላል፣ ክዳኑ ግን አልተቀመጠም። የደምበጫውም፣ የማንኩሳውም እሳት የተለኮሰው እዚሁ፣ በገዛ ቤቱ ጀሪካን ነው። እሱ ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ ርጥበቱን አይቶ፣ ሲከፈት የፈሰሰ ውኃ ነው ብሎ አልፎት ነበር።

«አስካልዬ፣» አለ፣ «ያ ውኃ ግንዱን ሊሰነጥቀው ይችል እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አልተሰነጠቀም እኮ። በምን ይመስልሃል?»



ያምሮት በበኩሏ ጥፋቷን ልታካክስ ፈለገች። ባለመኪናው ከመስጊድ ሳይመለስ ጉድጓዶቹ ይደርቁ፣ ሲመጣ ፊተኞቹ ጓርኒሲዮኖች የተበላሹ ዕቃዎች ነበሩ ይባል፣ ማን ያውቃል አለች። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ወልደ ገብርኤል ሚስቱን አየ፤ እሷም አሁን ገና ገብቷት ፊቷ አመድ መስሏል። እውነቱን ቢናገር የእጁ ስም ይመለሳል፤ የሚስቱ ስም ግን ከዛሬ ጀምሮ የቡሬ ገበያ ጨዋታ ነው። ቢደብቀው ደግሞ አብዱሰመድ፣ መኪናው የቆመበት ሰው፣ በሐሰት ተሸንግሎ ይሄዳል።

ገና ሳይወስን አብዱሰመድ በሩ ላይ ደረሰ።

«ግንዱ ደኅና ነው፤» አለው ወልደ ገብርኤል። «ጥፋቱም የእጄ አይደለም። የቤቴ ነው።»

ከዚያ አንዱንም ሳያስቀር ነገረው፤ ረጨት የተደረገውን፣ የተጨመረውን፣ የዛሬውን ጀሪካን። አስካለ ማርያም ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ያምሮት ነጠላዋን እንደገና ልታዘቀዝቅ ምንም አልቀራት። አብዱሰመድ እነሱን አየ፣ በግንባሩ የተደፋውን መኪናውን አየ፣ ተጠግቶ ጣቱን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ነከረና ርጥበቱን ትክ ብሎ ተመለከተ።

ከዚያ ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

«ሦስቴ ከተጠመቀማ፣» አለ፣ «የክርስትና ስሙን ማን አላችሁት?»